ለዜና ያነሰ ቅቤ

ካሜራ ካልመጣ ሥራ የማይጀምር ኃላፊ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ሶዶ ውስጥ ገጥሞኛል፤ በኢሕአዴግ ጊዜ ነው። ከነጋዴዎች የወረሰውን የተበላሸ ቅቤና አይብ ቶሎ ማስወገድ ሲገባው፣ ቴሌቪዥን እስኪመጣለት መጋዘን ቆልፎበት ከረመ። ግማሹን አይጥ በላው። የተረፈው ጉድጓድ ውስጥ ሲከመር ካሜራ የያዘው ሰውዬ፣ «ይሄማ ለዜና ያንሳል» አለ።

ኃላፊያችን ሚሊሻዎቹን ወደ መናኸሪያ ላከ። እነሱም ኦቶና ሆስፒታል ለወለደች ልጇ ቅቤ በኮባ ጠቅልላ ከቤሌ የመጣች እናት ከአውቶቡስ ስትወርድ ይዘው አመጧት።

«ጌታው፣ ዛሬ የተናጠ ነው፤ ቅመስ» አለችው።

«እናቴ፣ ለሕዝብ ጤና ነው፤ ተባበሩን» አለና ከነኮባው ጉድጓድ ውስጥ ወረወረው። ነጭ ጋዝ አርከፈከፈበት፣ ስለ ኪራይ ሰብሳቢነት ንግግር አደረገ፣ ለኮሰው። እናትየዋ ባዶ እጇን ወደ ኦቶና ሄደች። አራስ የምትጠገነው በንግግር ነው እንዴ? ሳስበው እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

ምሳ ሰዓት ላይ እኔ የምበላበት ምግብ ቤት ገብቶ ክትፎ አዘዘ። አስተናጋጇን ምን ቢላት ጥሩ ነው?

«ቅቤው የቤሌ ለጋ ይሁን፤ የዚህን ከተማ ቅቤ አላምነውም።»