የማይሰነጠቀው በረዶ

ታሪክ ከተማ የቆረቆሩትንም ከተማ ያፈረሱትንም ይዘክራል፤ በረዶን በስብሰባ ያጠነከሩትን የእኛን ዋና ዳይሬክተር ግን እስካሁን አልዘከረም። ይህን ግፍ ላርም ነው የተነሣሁት።

መሥሪያ ቤታችን የባሕር በረዶ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ በኮምፒውተር ያሰላል። ነፋስ በረዶውን ይገፋዋል፣ የውሃው ጅረት ይጎትተዋል፤ በአንድ በኩል ተሰንጥቆ ይከፈታል፣ በሌላ በኩል ተደራርቦ ይቆለላል። መርከቦች በስንጥቁ ያልፋሉ፣ ከቁልሉ ይሸሻሉ። ስሌቱን የምትሠራው አንዲት ባለሙያ ናት፤ የቀረነው ሠራተኞች በስብሰባ እናግዛታለን። ባሏ በእሷ ካርታ የሚሄድ የመርከብ ካፒቴን ስለሆነ፣ ስሌቱ ከተሳሳተ ቤቷ የማይመለስ ሰው አለ።

ነገሩ የተበላሸው፣ ይቅርታ፣ የተሻሻለው፣ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ሊጎበኙን የመጡ ዕለት ነው። ግድግዳው ላይ ያለውን ካርታ አይተው «ምነው እንዲህ ተሰነጣጠቀ? የሚጠግነው ሰው የለም?» አሉ። ዳይሬክተራችን የሚገቡበት ጠፋቸው። እንግዳው ገና ደረጃውን ወርደው ሳይጨርሱ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ።

«ይኼ ስንጥቅ ለማን ይጠቅማል?» አሉ ዳይሬክተሩ።

«ለመርከቦች» አለች ባለሙያዋ።

«እኛን ግን በእንግዳ ፊት አዋርዶናል። ኮምፒውተሩ ውስጥ የበረዶው ጥንካሬ የሚባል ቁጥር አለ አይደል?»

«አለ። ግን ከባሕሩ ተለክቶ ነው የሚገባው።»

«በእጥፍ ይጨመር።»

«ጌታዬ፣ ብንጨምረው የሚጠነክረው ስክሪኑ ላይ ያለው ነው። ባሕሩ ላይ ያለው በምን ይሰማናል?»

«ይሰማል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል።»

ውሳኔው ከአንድ ተቃውሞ በቀር በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። በማግስቱ ካርታው እንደ አዲስ የጠረጴዛ ልብስ ነጭ ሆኖ ዋለ። ዳይሬክተራችንም ወዲያው ታላቅ ግኝት ላይ ደረሱ፦ ስንጥቅ ከሌለ ቁልል የለም፤ ቁልል ከሌለ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ የነዳጅ ብክነት ነው። ከወደብ እስከ ወደብ ቀጥ ያለ መስመር በማስመሪያ አሰመሩና፣ መንገዱን ለመመረቅ ራሳቸው በባለሙያዋ ባል መርከብ ሊሄዱ ተነሡ። ካፋቸው የወጣን ቃል ከሚያጥፉ መርከብ ቢያጥፉ የሚመርጡ ሰው ናቸው።

ባለሙያዋ ባሏን ልትሸኝ ወደቡ ላይ ቆማለች።

«ዳይሬክተሩ አጠገብህ ስለሚቆሙ መስመሩን መከተልህ አይቀርም» አለችው። «በረዶው ሲይዝህ ደውልልኝ።»

«ካልያዘኝስ?»

«ይይዝሃል።»

ብዙም ሳይርቁ ያዛቸው። በረዶው ከግራም ከቀኝም መጥቶ መርከቡን ጨመቀው። በስብሰባ አዳራሹ ስልክ የተሰማው ድምፅ የዳይሬክተራችን ነበር።

«ባስቸኳይ ስንጥቅ ፈልጉልን።»

ስልኩን ያነሡት ምክትላቸው ናቸው፤ እንደ ምክትሉ ያለ ታዛዥ አልተፈጠረም። «ክቡርነትዎ፣ በካርታችን ላይ ስንጥቅ የለም» አሉ።

«በድሮው ቁጥር አስሉት እንጂ፣ አንተ ሰው።»

«የድሮውን ለመመለስ የሰብሳቢው ፊርማ ያስፈልጋል።»

«ሰብሳቢው እኔ ነኝ።»

«ልክ ነው፤ ግን በአካል አልተገኙም።»

ከስልኩ ውስጥ የሚጨነቅ ብረት ሲጥ ሲጥ ሲል ሰማን። ፈራሁ። ባለሙያዋ ፊርማም ድምፅም ሳትጠይቅ አዳራሹ ጥግ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣ ነበር፤ ቁጥሩን ወደነበረበት መለሰች፣ የዕለቱን ነፋስ አስገባች። ነጩ ካርታ ቀስ እያለ ተሰነጣጠቀ። ስልኩን ከምክትሉ እጅ ወስዳ ባሏን አስጠራች።

«ስማኝ፣ ነፋሱ ወደ ማታ ይዞራል። በስተግራህ ይከፈታል። እስከዚያ ሞተርህን አታስጨንቀው።»

«እሺ፣ እመቤቴ» አለ ባሏ።

ማታ፣ እሷ ካመለከተችው ቦታ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ግን ተከፈተ። መርከቡ ወጣ። እሷም ስልኩን አስቀምጣ እዚያው አለቀሰች።

ዳይሬክተራችን በአበባና በጭብጨባ ተቀበልናቸው። ወደቡ ላይ ባደረጉት ንግግር ስንጥቁ በአመራሩ ቁርጠኝነት መገኘቱን አበሠሩ። ከእንግዲህ ስንጥቅ የሌለው ካርታ እንደ ሥራ ጉድለት እንደሚቆጠር፣ እያንዳንዱ ካርታም ከወደብ እስከ ወደብ ሰፊና ቀጥ ያለ ስንጥቅ እንዲኖረው መታዘዙን ገለጹ። እኛም በዚያው በቆምንበት እጅ አውጥተን አጸደቅን። ባለሙያዋ ባሏን ክንዱን ያዘችው።

«ክቡርነትዎ» አለ ካፒቴኑ፣ «በአዲሱ ስንጥቅ መቼ ነው የምንሄደው?»

«ነገ ጠዋት።»

«እርስዎም አብረውን ነዎት?»

ዳይሬክተራችን ባሕሩን ትንሽ ተመለከቱት።

«እናንተ ሂዱ» አሉ። «እኔ በአውሮፕላን ቀድሜ እዚያ እቀበላችኋለሁ።»