የይመር በቅሎ እና የእኔ ጣት

ፎቶ ላይ ከሚታየው ነገር ግማሹ መጥፋት አለበት! ይህን የምላችሁ ማንም ሳያስተምረኝ በስልክ ፎቶ ማሳመር የቻልኩ፣ በመካነ ሰላም በዚህ ሙያ አቻ የሌለኝ ሽማግሌ ነኝ። አቻ አለህ የሚል ካለ ይምጣ... እስካሁን የመጣ የለም።

ታውቁኝ ዘንድ ጥቂት ልንገራችሁ። አንዲት የሰፈራችን ልጅ የምረቃ ፎቶ ላይ ከተመራቂዋ ይልቅ ካሜራውን ትክ ብላ የምታይ ፍየል ነበረች፤ አጠፋኋት። የእህቴ ቤት የክርስትና ፎቶ ላይ የመብራት እንጨት ከቄሱ ጥምጣም የበቀለ ይመስል ነበር፤ ነቀልኩት። ፊት ከጠቆረም ብርሃን እጨምራለሁ። በብርሃን በኩል ንፉግ አይደለሁም።

አንድ ቅዳሜ ጎረቤቴ ይመር ስልኩን ይዞ መጣ።

"አያ ካሣ፣ ያንቱን እጅ ፈልጌ ነው።"

"አብሽር! ምን ይጥፋልህ?"

"ኧረ ምንም አይጥፋ! ብርሃን ብቻ ይጨመርልኝ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ መሐመድ አቀስታ ከተማ ያያትን ዘሃራ የምትባል ልጅ ካላገባሁ ብሏል። አባቷ አቶ እንድሪስ ደግሞ ሽማግሌ ከመቀበሌ በፊት የልጁን ፎቶ ላኩልኝ አሉ። ይመር ፀሐይዋን ከልጁ ጀርባ አድርጎ አነሳውና ፊቱ እንደ ድስት ቂጥ ጠቆረ።

"ሰውየው እምቢ ካሉ ልጄ አገር ጥሎ ይሄዳል" አለኝ። "ሲጨርሱ ከዚሁ ስልክ ይላኩላቸው።" ስልኩን ትቶልኝ ገበያ ወረደ።

ብርሃን ጨመርኩ። ጠይሙ ልጅ ቀይ ሆነ። ትንሽ ሳክልበት እንደ ወተት ነጣ። ያን ጊዜ ነው ዓይን የሚሻሙት ነገሮች የታዩኝ... በቀኙ ጥንድ በሬ! በግራው የገብስ ክምር! ከኋላው የሚያብረቀርቅ የቆርቆሮ ቤት! ከሁሉም የባሰችው ደግሞ ኮርቻ የተጫነች በቅሎ፣ አፏ ትከሻው ላይ ሊያርፍ የደረሰ። እስቲ እናንተው ፍረዱ፤ በዚህ ሁሉ መሐል ሙሽራውን ማን ያየዋል? አንድ በአንድ በጣቴ ዳሰስኳቸው፤ ጠፉ። ሣሩም ዓይን ይስባል ብዬ መሬቱን ጠረግሁት። መሐመድ ንጹሕ ነጭ ላይ ብቻውን ቀረ። ዋናው ፎቶ ቦታ እንዳይዝ አጥፍቼ አዲሱን በቦታው አስቀመጥኩና ላክሁት።

ይመር ከገበያ እንደተመለሰ ስልኩ ጮኸ። ድምፁን ከፍ አድርጎ አነሳው።

"ይመር፣ ልጁ ምን ላይ ነው የቆመው?" አሉ አቶ እንድሪስ።

"ግቢያችን ውስጥ ነዋ!"

"መሬት የላችሁም እንዴ? ደግሞስ እንዲህ የነጣው ምን ታሞ ነው? ፎቶ በቃኝ፤ መጥቼ በዓይኔ አያለሁ።" ዘጉት።

ይመር ፎቶውን ከፍቶ አየ። ከዚያ እኔን አየ።

"በሬዎቼስ?"

"ዓይን ይሻሙ ነበር።"

"ክምሬስ? ቤቴስ?"

"እነሱም።"

"አንተ ሰውዬ! ልጁን እዚያ ያቆምኩት እኮ እነሱ እንዲታዩ ነው! በቅሎዋን እንኳ ከወንድሜ ለምኜ ተውሼ ነው ያመጣኋት!"

አንቱታዬ ከበሬዎቹ ጋር አብሮ ጠፋ። በእኛ አገር ለልጅቷ አባት የሚላክ ፎቶ የሙሽራው ፊት ሳይሆን የሚያኖራት ነገር የሚታይበት መሆኑ አልጠፋኝም። ቢሆንም ሙያ ሙያ ነው።

በሳምንቱ አቶ እንድሪስ ሚኒባስ ሲያንገጫግጫቸው ውሎ አቧራ ለብሰው ደረሱ። ይመር ከኋላቸው ተከተለ። በሬዎቹን ዳበሱ፤ ክምሩን ዞሩ፤ ቆርቆሮውን ቀና ብለው አዩ። መሐመድ ብቅ ሲል ግን ፊታቸው በራ።

"ጠይም ነው እንዴ! አልሐምዱሊላህ፣ ጤነኛ ነው!"

ሽማግሌ ይምጣ አሉ። ስለ በቅሎ የጠየቀ የለም። እስቲ አስቡት... በቅሎዋ ፎቶው ላይ ብትኖር "የታለች?" ማለታቸው ይቀር ነበር? ወደ ባለቤቷ ከተመለሰች ሰነበተች እኮ! ጋብቻውን ያተረፈው ጣቴ መሆኑን ለይመር ደጋግሜ አስረድቼዋለሁ። እስካሁን አላመሰገነኝም።

ሠርጉ ተደገሰ። ከደሴ የመጣው ፎቶ አንሺ ሁለቱን አባቶች ጎን ለጎን ሲያነሳ እኔም መሐላቸው ነበርኩ፤ ፀሐይዋ በየት በኩል መሆን እንዳለባት እጄን ዘርግቼ እያስረዳሁት። ሰሞኑን ይመር ቤት ስገባ ፎቶው በትልቁ ታጥቦ ተሰቅሏል። ሁለቱ አባቶች አሉ። መሐላቸው ሰፋ ያለ ባዶ ግድግዳ አለ።

"ይመር፣ እኔ የታለሁ?"

"ዓይን ይሻሙ ነበር፣ አያ ካሣ።"

አንቱታዬ ተመልሷል። ብርሃኑንም አልዋሽም፣ የደሴው ፎቶ አንሺ በደንብ አስተካክሎታል። ግን እነዚህ ተምረናል የሚሉ ልጆች ሥራ መጨረስ አያውቁም... ከአባቶቹ እግር ሥር እጇን የዘረጋች ጥላ ቀርታለች። ፎቶውን በስልኬ አነሳሁትና ጥላዋን አጥፍቼ ለይመር ላክሁለት።