መርፌዋ አልተኛም ያለች ዕለት

ሚስት፦ ታዲያ አንሶላዬን መቼ ላስጣ?
ባል፦ ስንቴ ልንገርሽ? አስጪ፣ አንቴናውን ብቻ እንዳትነኪ። በሬዲዮ ስናገር ሽቦው ያቃጥላል።
ሚስት፦ አንቴናህን ማን ነካብህ? የራሴ የሽቦ ማስጫ አለኝ።

[ባል መስኮቱ ሥር ትንሿን ሬዲዮና የአንቴና ማስተካከያውን ሳጥን ይዞ ተቀምጧል። ሚስት ሳፋዋን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። ልጃቸው ነገ ስልክም ሬዲዮም ወደሌለበት ተራራ ለሥራ ትወጣለች። ዛሬ ጀምበር ሳትጠልቅ ካላገኟት ክረምቱ እስኪወጣ ድምፅዋን አይሰሙም። ሚስት ከጠዋት ጀምሮ ይህንኑ እያሰበች ነው ያጠበችው።]

ሚስት፦ በል ጥራትና እንገላገል።
ባል፦ ዝም ብሎ መጥራት የለም። መጀመሪያ እያዳመጥኩ የሬዲዮው ሹሹ የሚል ድምፅ እስኪጎላ የሳጥኑን ቁልፎች አዞራለሁ። ከዚያ ኃይሉን ቀንሼ፣ አጠር አጠር አድርጌ ሞገድ እየላክሁ ይቺን የሳጥኑን መርፌ ዜሮ ላይ አስተኛለሁ። የምታሳየው ከሽቦው ተመልሶ የሚመጣውን ኃይል ነው። ብዙ ከተመለሰ ሬዲዮዬ አለቀለት።
ሚስት፦ እንደ ተሸኘ እንግዳ ተመልሶ ይመጣል?
ባል፦ አንቺ ደግሞ! እንግዳን ምን አመጣው?

[ሚስት ወደ ጓሮ ትወጣለች። ባል ያዳምጣል፣ ያዞራል፣ ይልካል። መርፌዋ ትተኛለች፤ ወዲያው ትዘላለች።]

ባል፦ አሁን ተኝታ አልነበር?
ሚስት፦ [ከውጭ] አንደኛውን አንሶላ አሰጣሁ።
ባል፦ ማን ጠየቀሽ?

[እንደገና አስተኝቶ ይልካል።]

ሚስት፦ ውይ! ጣቴን የሆነ ነገር ነከሰኝ።
ባል፦ መቆንጠጫው ነው። ይኸው፣ ደግሞ ዘለለች! ይሄ ሳጥን ተበላሽቷል።

[ሚስት ጣቷን እየጠባች ከሬዲዮው በመስኮት የወጣውን ገመድ በዓይኗ ትከተላለች። ክርክር ስለሰለቻት ቀስ ብላ ነው የምትናገረው።]

ሚስት፦ የልጄ አባት፣ ገመድህ የት ነው የሚሄደው?
ባል፦ አንቴናው ላይ ነዋ። የሬዲዮ ፈቃድ ያለው ማነው?
ሚስት፦ አንተ ነህ። አንቴናው ላይ ግን ወፍ ነው ያለችው። አንተ ያለኸው እኔ ማስጫ ላይ ነው።

[ባል በመስኮት ያያል። ከዚያ ገመዱን ሊያዛውር ይነሣል።]

ሚስት፦ ተቀመጥ፣ ጀምበሯ እየገባች ነው። ደግሞ እንዳያቃጥለኝ እጅህን ከመላኪያው ላይ አንሣ፤ ልብሱን አውርጄ ራቅ ልበልልህ።

[አንሶላዎቹን ሰብስባ ትርቃለች። ባል ያስተካክላል፤ መርፌዋ ተኝታ ትቀራለች። የሬዲዮ መጠሪያውን ተናግሮ ይጠብቃል።]

የልጅ ድምፅ፦ አባዬ! ዛሬስ ድምፅህ እንዴት ጥርት ብሎ ይሰማል! አንቴና ቀየርክ እንዴ?
ባል፦ [ጉሮሮውን ጠርጎ] ትንሽ... አሻሻልኩት። እናትሽ ይቺው።

[ሚስት እርጥቡን አንሶላ እንደታቀፈች ወደ ሬዲዮው ትጠጋለች።]

ሚስት፦ ደህና ነን ልጄ። ስትመለሺ ልብስሽን ማስጫው ላይ ካጣሽው አትደንግጪ፤ ከነገ ጀምሮ የማሰጣው አባትሽ አንቴና ላይ ነው።