ስሙ የማይነገረው የጉልበት ቅጠል

በእኛ አገር መድኃኒት ከሰው የባሰ ዓይን አፋር ነው። ስሙ ከተጠራ አፍሮ ሥራውን ይተዋል፤ ትልልቆቹ «ረከሰ» የሚሉት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ቅጠል በጥሳ የምታመጣላችሁን ሴት «ምንድን ነው?» ብትሏት «ቅጠል ነው» ትላለች። ሥር ቆፍሮ የሚያመጣላችሁም ሰው «ሥር ነው» ይላል። ይህን ያህልማ እናንተም ታያላችሁ። የሚገርመው ይኸው አገር ዞር ብሎ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ማለቱ ነው። በሽታህን ለመንደሩ ሁሉ አውራ፣ መድኃኒትህን ግን ከራስህም ደብቅ ማለት ነው። እኔ ስምንተኛን እንደ ምንም ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩ ልጅ ስለሆንኩ ሁለቱን ለማስታረቅ አልሞክርም።

አንዳንዱ መድኃኒት ደግሞ ደንቡ ጠበቅ ያለ ነው። የሚቆርጠው ሰው በማለዳ ተነሥቶ፣ ከማንም ጋር ቃል ሳይለዋወጥ መቁረጥ አለበት። ይህ በላፍቶ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። እኛ ሰፈር ከቤቱ ወጥቶ ታክሲ እስኪይዝ ድረስ ለማንም «እንደምን አደራችሁ» ያላለ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተጣልቷል። እንግዲህ ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ ለጉልበታቸው ቅጠል የሚቆርጥላቸው ሰው ሲፈልጉ ዓይናቸው እኔ ላይ ቢያርፍ ምን ይገርማል? እኔ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ገብቼ፣ እንግዳው እስኪሄድ የታጠበ ሰሃን መልሼ የማጥብ ልጅ ነኝ። እናቴ «ምን ላድርጋት፣ አፍ አልፈጠረባትም» እያለች ለዘመድ የምታማርርበትን ጠባይ እትዬ ጥሩነሽ «ይቺማ ለመድኃኒት የተፈጠረች ናት» ብለው ባረኩት። ዝምታዬ ሥራ ሲያስገኝልኝ ያ የመጀመሪያው ነው።

እትዬ ጥሩነሽ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። ጉልበታቸው ሲያብጥባቸው ከአልጋ እስከ በር መድረስ የቀን ሥራ ነበር። የቅጠሉን ዘር ያመጣችላቸው ሻሸመኔ የምትኖር የባላቸው እህት ናት። «በቅቤ አሙቀሽ እሰሪበት፣ ስሙን አትጠይቂኝ» አለቻቸው። እሳቸውም አልጠየቁም። ጨዋ ሴት ናቸው። ጓሮ የዘሩት ተክል ቅጠሉ እንደ ሰው እጅ ጣት ጣት አለው፣ ዳርና ዳሩ እንደ መጋዝ ነው፣ ሽታው ደግሞ ከባድ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ጎመኑን አለፈ፣ ጤና አዳሙን አለፈ፣ በመጨረሻ ከቆርቆሮው አጥር በላይ ብቅ ብሎ መንገደኛ ያይ ጀመር። እኔ በማለዳ እቆርጣለሁ፣ እሳቸው ወቅጠው በቅቤ አሙቀው ያስሩታል። ምን ልበላችሁ፣ እብጠቱ ጎደለ። እትዬ ጥሩነሽ በእግራቸው ሐና ማርያም ደርሰው ተመለሱ፤ ዱላቸውንም ጓሮ ተክለው ባቄላ አስደገፉበት።

ታዲያ የወንድማቸው ልጅ ሰሎሞን ሊጠይቃቸው መጣ። ሰሎሞን ዩኒቨርሲቲ የመድኃኒት ቅመማ ይማራል። ፊቱን ሊታጠብ ጓሮ ወጣና ሳሙናው ግንባሩ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ።

«አክስቴ! ይሄ እኮ ሐሺሽ ነው! ካናቢስ!»

እትዬ ጥሩነሽ ጆሯቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ወይኔ፣ ጠራው!»

«ያሳስርዎታል እኮ ነው የምልዎት!»

«እስሩን ተወው! ጠራኸው እኮ! ያውም በሁለት ስም!»

ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። ሰሎሞን ሳሙናውን እየጠረገ እንዳስረዳን፣ ያንን ቅጠል የሚያውቅ አንድ ሰው በአጥሩ በኩል ካለፈ እትዬ ጥሩነሽ በዚህ ዕድሜያቸው ፖሊስ ጣቢያ ማደራቸው ነው። ቤቱ ዝም አለ። እኔ እንደ ወትሮዬ ነበርኩ፣ ሌሎቹ ናቸው የተጨመሩብኝ።

በኋላ እትዬ ጥሩነሽ «ታዲያ ክፉ ነገር ከሆነ ጉልበቴን ለምን አሻለው?» አሉ።

ሰሎሞን የተማረ ሰው ስለሆነ ለጥያቄ ሁሉ መልስ የመስጠት ችግር አለበት። ፍላቮኖይድ የሚባል ነገር አለ አለን። ለአበባና ለፍሬ ቀለም የሚሰጠው፣ ቅጠሉን ከፀሐይ የሚከላከልለት እሱ ነው። በሻይ ቅጠልም፣ በብርቱካንም፣ በቀይ ሽንኩርት ልጣጭም ይገኛል። በዚህ ተክል ውስጥ ግን ከሌላ ብዙም የማይገኝ ዓይነት ተገኝቶ፣ በላቦራቶሪ ሲሞከር እብጠት የሚያመጣውን ነገር ቀንሷል ይባላል። ሰው የሚያሰክረው እሱ አይደለም፣ ሌላ ነው። «ግን አክስቴ፣ ይሄ የተሞከረው በላቦራቶሪ ብርጭቆ ውስጥ ነው። በሰው ላይ ገና አልተረጋገጠም።»

«የኔ ጉልበት የሰው አይደለም?»

«ነው፤ ግን ቅቤው ይሁን፣ ማሰሩ ይሁን፣ በራሱ ጊዜ ይሁን የተሻለዎት ማን ያውቃል? ይልቅ ሽንኩርት...»

«ሽንኩርት! ከልጅነቴ ጀምሮ ስሙን ስጠራው የኖርኩት ሽንኩርት ነው ዛሬ የሚያድነኝ?»

ሰሎሞን ወሬ ለመቀየር «በቃ ነቅለን እናቃጥለው» አለ፤ ወዲያው ጭሱ በየትኛው ጎረቤት መስኮት እንደሚገባ አሰበ መሰለኝ፣ ሐሳቡን ተወው። እትዬ ጥሩነሽ ግን ነቀላውንም አልፈቀዱም። ሰሎሞን ስሙን የጠራው ከታች ቆሞ ስለሆነ የላይኞቹ ቅጠሎች አልሰሙ ይሆናል አሉ። በማግስቱ ከላይ እንድቆርጥና እንዲሞከር ተወሰነ።

በማለዳ በርጩማ ላይ ወጥቼ እጄን ስዘረጋ ከአጥሩ ወዲያ የፖሊስ ቆብ አየሁ። ከቆቡ ሥር አሥር አለቃ ታደሰ ነበሩ። ከእኛ ጀርባ ነው የሚኖሩት፣ ወደ ሥራ መሄዳቸው ነው።

«እንደምን አደርሽ ልጄ?»

አስቡት እንግዲህ። ብመልስ መድኃኒቱ ይረክሳል፣ ባልመልስ እትዬ ጥሩነሽ ይጠረጠራሉ። በርጩማው ላይ ሆኜ እጅ ነሣሁ። ለመውደቅ ትንሽ ነበር የቀረኝ።

«ይሄ ተክል ሁልጊዜ ሳልፍ ያየኛል። ምንድን ነው?»

በመስኮቱ የሰሎሞን ፊት ይታየኛል፤ ከመጋረጃው የባሰ ነጥቷል። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ያን ዕለት ግን ዝምታዬ ዓይኔ እያየ ሊነቅዝ ሆነ። ማንም ሊናገርልኝ አልመጣም። ስለዚህ ተናገርኩ።

«የእትዬ ጥሩነሽ የጉልበት መድኃኒት ነው።»

«ስሙስ?»

«የመድኃኒት ስም አይነገርም፣ ጋሼ።»

ድምፄ የቀጠነ ነበር፣ ግን ወጣ። አሥር አለቃ ታደሰ ቆባቸውን አውልቀው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። «እውነትሽን ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ኧረ እንዳትነግሪኝ!» አሉና ግራ ቀኙን አይተው ድምፃቸውን ቀነሱ፤ «ለወገብስ ይሆናል?»

እኔ የነበረኝን አረፍተ ነገር ጨርሼ ነበር። እግዜር ይስጣቸው፣ እትዬ ጥሩነሽ ጉልበታቸው እንደታሰረ እያነከሱ ወጡ። ሰሎሞን በመስኮት በእጁ ይማጸናቸዋል፤ እሳቸው አላዩትም። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያን ጊዜ አንድ ቅጠል ቢሰጧቸው ሰውዬው በደስታ ይዘውት ጣቢያ ይገቡ ነበር። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን እናንተ ጨርሱት።

እትዬ ጥሩነሽ አጥሩን ደገፍ አሉ። ተክሉን አዩት፣ የሰውዬውን ወገብ አዩት።

«ይሆን ነበር ልጄ። ግን ትናንት ስሙ ተጠርቶበት ረክሷል። ሌሊቱን ጉልበቴ ሲጠዘጥዘኝ አደረ። የረከሰ መድኃኒት ለሰው ልጅ አልሰጥም፤ ነቅዬ ልጥለው ነው።»

«ማን ነው የጠራው?»

«የተማረ ሰው።»

«አዬ፣ እነሱስ ያስቸግራሉ» አሉ አሥር አለቃ ታደሰ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሰሎሞን እስካሁን እንደ ሕልም ነው የሚያወራው። አሥር አለቃው «በዚህ ጉልበትዎ እርስዎ ሊነቅሉ!» ብለው በግድ ገቡ፣ ኮታቸውን ለእኔ ሰጡኝ፣ ተክሉን ከነሥሩ ነቀሉት፣ በገመድ አስረው ትከሻቸው ላይ አደረጉት። ጎፋ የሚሄዱ ሰዎች የተሰለፉበትን ታክሲ መቆሚያ «እንደምን አደራችሁ» እያሉ በመካከል አልፈው፣ ወንዝ ወርደው ጣሉት። «ምንድን ነው የተሸከሙት?» ላለ ሁሉ «መድኃኒት ነበር» ይሉ ነበር አሉ። የበለጠ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ሁሉም ጨዋ ነው።

እትዬ ጥሩነሽ ዱላቸውን ከባቄላው ላይ መልሰው ወሰዱ። ባቄላውም ተኛ፣ እሳቸውም ያነክሳሉ። ሰሎሞን ሐኪም ቤት አብረውት እንዲሄዱ ቃል አስገብቷቸዋል፤ «የሚሰጡኝን ኪኒን ስም ጮክ ብለው ካላነበቡት እሄዳለሁ» ብለዋል።

በሳምንቱ አሥር አለቃ ታደሰ አጥሩን አንኳኩ። ቀጥ ብለው ቆመዋል።

«እትዬ፣ ያንን ነገር ከተሸከምኩ ወዲህ ወገቤን ቀለል ብሎኛል። ስሙን እንዳይነግሩኝ እንጂ፣ ዘር አልቀረም?»

ዳግም ሊጠይቃቸው የመጣው ሰሎሞን መሬት መሬት አየ። እትዬ ጥሩነሽ ወደ ቆርቆሮው ጫፍ ቀና ብለው «ዘሩንማ ወፎች ለቅመው ጨረሱት፣ ልጄ» አሉ።

ውሸት አይደለም፣ ወፎቹን ስታዘባቸው ነበር። ስለ ፍላቮኖይዱ ሰሎሞን ይመራመር፣ እኔ አላውቅም። ወፎቹ ግን ደህና ናቸው። ጉልበቷን የሚያማት ወፍ እስካሁን አላየሁም።