ሁለት ሴንቲ

«ባለሙያ ጥራ» ሲሉት እንደተሰደበ የሚቆጥር ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ቧንቧ አፈሰስ፣ በር ተንቋረረስ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ከተፍ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ያላገባች ሴት እህቷ አግብታዋለች፤ እህት ከሌላት ደግሞ ጎረቤቱ ናትና መዶሻውን ስትሰማ ትውላለች።

የዚህኛው ሚስት ሃያ ሦስት ዓመት ሰምታለች። ባሏ እንጀራው መዝገብ ቤት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ፋይል ያወጣል፣ ፋይል ያስገባል። «ክቡር ኢንጂነር» ያሉት ጎረቤቶች ለፌዝ ነበር፤ እሱ ግን ምን ገዶት፣ ማዕረጉን ተቀብሎ ሥራውን ቀጠለ። የሠራው መደርደሪያ በግራ በኩል ዕቃ አይቀመጥበትም፤ «ግራው ለጌጥ ነው» ብሏል። የመታጠቢያ ቤቱን በር ያስተካከለ ዕለት የገዛ እህቱ ውስጥ ተቆልፋ አርባ ደቂቃ ቆየች። እሱ ከውጭ ቆሞ «ወደ ላይ አንሺና ግፊው፤ ኧረ አንሺው እንጂ!» እያለ ያስተምራታል። ሰው እንጥራ ያሉት እንደሆነ መልሱ አንድ ነው፤ «እጅ የለኝም እንዴ?»

ከሁሉም የሚብሰው ሜትሩ ነው። ከዓመታት በፊት ጫፉ በመኪና በር ተቀርጥፎ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሴንቲዎች ጠፉ። ሌላ ይገዛል ብሎ የጠበቀ አያውቀውም ማለት ነው። «ሁለት መቀነስ ነው፤ ይሄ ምኑ ይከብዳል?» አለ። እናም በዚያ ቤት ቁጥር ሲጠራ ሁለት ይቀነሳል፤ የመጋረጃም ይሁን የአልጋ። ሚስትየው አንድ ቀን ልብስ ሰፊው ወገቧን ለክቶ ሲጽፍ «ሁለት ቀንስ» ብላው ሰውየው ቀና ብሎ አይቷታል።

ነገሩ የከፋው በጋራዡ ነው። መኪናዋ ከተሸጠች ወዲህ ባዶውን የተቀመጠ፣ ብሎኬቱ ያልተለሰነ፣ ብርድ እንደልቡ የሚገባበት ክፍል ነበር። የሚስትየው አባት ሃምሳ ዓመት ግድግዳ ሲለስኑ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን ዓይናቸው ደክሟል፣ ጉልበታቸው ከድቷቸዋል፤ የሚኖሩት ግን ብቻቸውን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። «አባባ ደረጃ ይብቃቸው፤ ጋራዡን ጂፕሰም አልብሰን እኛ ዘንድ ይምጡ» ያለው እሱ ራሱ ነው። ይህ አይካድበትም።

እሷ የጂፕሰም ሠራተኛ ይዛ መጣች። ሠራተኛው ግድግዳውን ዞሮ አየና «አራት ቀን» አለ። ክቡር ኢንጂነር ብሎኬቱን በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ «አራት ቀን ሙሉ ምን ሊሠራ? እጅ የለኝም እንዴ?» አለ። ሰውየው መሣሪያውን ይዞ ወጣ።

«በናትህ» አለችው፣ «ይሄ እኮ መደርደሪያ አይደለም። አባዬ ነው የሚተኛበት።»

«እኮ! አባባን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሰው ግድግዳቸውን ይሥራ? ሁለት ሳምንት ስጪኝ። ክረምቱ ሳይገባ ያልቃል።»

«እሺ» አለችው። ደግሞም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ብሏት ነበር።

የመጀመሪያው ቅዳሜ እሱ እየለካ ይጠራል፣ እሷ ትጽፋለች፤ ሱቁ በወረቀቱ መሠረት ቆርጦ ይልካል። ቦርዶቹ መጡ። አንደኛውን ከጥጉ ጀምሮ በብሎን አሰረው፤ በጎኑ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ቀረ። ሁለተኛውን ገጥሞ አየው፤ እሱም ያው። «ግድግዳው ነው የሰፋው» አለ። ወረቀቱን አመሳከሩ። ለካ እሱ ሁለቱን በልቡ ቀንሶ ነው የሚጠራው፤ እሷም በለመደ እጇ ሁለት ቀንሳ ነው የምትጽፈው። መሬት ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ጋራዡ ውስጥ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ አልተሳቀም።

ሁለት ሳምንቱ ሁለት ወር ሆነ። ክረምቱ ገባ፤ ወለሉ ላይ የተደረደሩት ቦርዶች እርጥበት ጠጥተው አበጡ። አባቷ ይደውላሉ። «ልጄ፣ ክፍሌ እንዴት ሆነች?»

«ቅዳሜ ያልቃል፣ አባዬ።»

ማክሰኞ ጠዋት ዳቦ ሊገዙ ሲወርዱ ደረጃው ላይ ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ።

ሆስፒታል ሲደርሱ አባቷ ወደተኙበት ክፍል እሷ ገባች፤ እሱ ኮሪደሩ ላይ ቀረ። ጥፍሩ ሥር ነጭ የጂፕሰም ብናኝ ነበር። ያን ቀን ጠላችው። «አንተ ነህ የጣልካቸው» የሚል ቃል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። የመለሰችው አዝናለት አይደለም፤ ፊቱን ስታየው ማንም እስኪነግረው እንዳልጠበቀ ገባት።

ታክሲ ውስጥ፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ «ባለሙያውን ጥሪው» አላት።

ይህን ቃል ለመስማት ሃያ ሦስት ዓመት ጠብቃለች። የሰማች ቀን እልል የምትል ይመስላት ነበር። ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

ባለሙያው መጣ፤ እንዳለውም በአራት ቀን ጨረሰ። ክቡር ኢንጂነር ጋራዡን ረግጦ አላየውም። ሜትሩ በሩ አጠገብ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ማንጠባጠብ ጀመረ፤ እሱ አየት አድርጎት አለፈ። ቤቱ ጭጭ አለ። እሷም ያ የሚያናድዳት የመዶሻ ድምፅ ናፈቃት፤ በራሷም ተናደደች።

ሥራው በተጀመረ በሦስተኛው ቀን ሠራተኛው አልጋው የሚገባበት፣ ባሏ የመጀመሪያውን ቦርድ ያሰረበት ጥግ ደርሶ ነበር። «እትዬ፣ ይሄን ጠማማ ቦርድ ነቅዬ ልጣለው አይደል?»

አዎ ልትል ነበር። «እሱን ተወው» አለች።

አባቷን በወንበር አምጥተው አስተኟቸው። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ እንደማይራመዱ ተናግረዋል። ጋቢያቸው ከተስተካከለላቸው በኋላ እጃቸውን ወደ ግድግዳው ሰደዱ፤ ግድግዳ የሚያዩት በጣት ነው። በዝግታ ዳሰሱት። «ደህና ሠራተኛ ነው» አሉ፣ መንገደኛን እንደሚያመሰግኑ። ጣታቸው ወደ ራስጌ ሄደ፤ ክፍተቱ ውስጥ ስምጥ አለ።

«ይሄስ የማን ሥራ ነው?»

ባሏ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «የኔ ነው፣ አባባ» አለ። «ሁለት ሴንቲ... ሁለት ጊዜ ተቀንሶ ነው።»

«እኔም አለሁበት» አለች እሷ።

ሽማግሌው ጣታቸውን ሳያወጡ ክፍተቱን ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት። 

«አባባ፣ እኔ... ቶሎ ብጨርሰው ኖሮ...»

«ብርድ ይገባል በዚህ» አሉ አቋርጠውት።

«ነገ ባለሙያውን እጠራዋለሁ።»

«የምን ባለሙያ? ቀጭን ቁራጭ አስገብተህ ላዩን በስቱኮ መዝጋት ነው። እኔ ተኝቼ አሳይሃለሁ።» ዓይናቸውን ወደ በሩ አዞሩ። «ምን ይገትርሃል አንተ ልጅ? እጅ የለህም እንዴ?»

 ዞር ብሎ ሜትሩን ከምስማሩ ሲያወርድ ሰማችው።

«አንተ ብቻ ቀንስ» አለችው ድምጿን ከፍ አድርጋ፤ «እኔ ዛሬ አልቀንስም።»