የሰንጢ እጀታና ሁለት አማቶች

ሰው ሰንጢ ሲገዛ የሚያየው ስለቱን ነው። በአውራ ጣቱ ይዳብሰዋል፤ የክንዱን ፀጉር ይላጭበታል፤ ደፈር ያለው ደግሞ ሻጩ ዓይኑ እያየ የራሱን የሻጩን ገመድ ይበጥስበታል። ስለ እጀታው የሚጠይቅ የለም። እስቲ አስቡት፤ ስለቱ የሚነካው ሽንኩርቱን ነው፣ ገመዱን ነው። እናንተን ዕድሜ ልካችሁን የሚነካችሁ እጀታው ነው። ትዳርም እንዲሁ ነው ልል ነበር፤ ግን ገና ከመጀመሪያው አንቀጽ ትዳር ውስጥ ከገባሁ መውጫው ይጠፋኛል።

እጀታ የሚታወሰው የተበላሸ ቀን ነው። ያን ቀን አገሩ ሁሉ የእጀታ ሊቅ ሆኖ ያድራል።

እኔ በሰቆጣ ዙሪያ የገጠር የውኃ ፓምፕ እየጠገንኩ የምኖር ሰው ነኝ። ከሥራ ዕቃዎቼ ሁሉ የምሳሳላት አንዲት ባለ ብዙ ምላስ ሰንጢ ነበረችኝ። ስትታጠፍ መዳፍ ውስጥ ትጠፋለች፤ ስትዘረጋ ቢላዋው፣ መቀሱ፣ መጋዙ፣ ካቻቢቴው፣ የቆርቆሮ መክፈቻው ተራ በተራ ብቅ ይላሉ። እንደ ሐረግ የተጠማዘዘ የቡሽ መንቀያም አላት፤ በዋግ ኽምራ ምድር እስካሁን ሥራ አላገኘም፤ እንደ ብዙዎቻችን ተመርቆ ተቀምጧል።

አንድ ቀን ጽጽቃ አጠገብ ፓምፕ ስፈታ ሰንጢዬን ሳላስበው የሞተሩ ጭስ ማውጫ ላይ አስቀመጥኳት። ዞር ብዬ ስመለስ ቀዩ የፕላስቲክ እጀታ ቀልጦ በሞተሩ ላይ ተንጠባጥቧል። የቀረችኝ ራቁቷን የሆነች ብረት ናት። ጠዋት ስይዛት እንደ በረዶ ትቀዘቅዛለች፣ ቀትር ላይ ትፋጃለች፣ በመሐሉ ደግሞ ጣት ትቆርጣለች። እጀታ መሥራት ግድ ሆነ። ከምን?

እዚህ ላይ ስለ ብርቄ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ያለ እሷ አይገባችሁም።

ብርቄ እጮኛዬ ናት፤ ሰቆጣ ውስጥ ነርስ ናት። ሽማግሌ ልኬ ተፈቅዶልኛል፤ የሠርጉ ቀን ግን አልቆረጥ ብሏል። ምክንያቱም ብርቄ ሁለት አባት አላት። የወለዷት አያ ሞላ እዚሁ ዋግ ውስጥ፣ ዝቋላ ወረዳ ገበሬ ናቸው። እናቷ በልጅነቷ ሰቆጣ ለሕክምና መጥታ ስትሞትባት ደግሞ የእናቷ ወንድም መሪጌታ ጥበቡ ሰቆጣ አምጥተው አሳደጓት፤ አስተማሯት። አሁን አንደኛው «የወለድኩ እኔ፤ ድግሱ በእኔ ቤት» ይላሉ። ሌላኛው «ያሳደግኩ እኔ፤ ድግሱ በእኔ ደጅ» ይላሉ። ከተነጋገሩ ቆይተዋል። የእኔ ሽማግሌዎች በሁለቱ መካከል ሲመላለሱ ጫማቸውም ትዕግሥታቸውም አለቀ።

እንግዲህ ሰንጢዬ ራቁቷን የሆነችው በዚህ ጊዜ ነው።

በመጀመሪያ ያዩኝ መሪጌታ ናቸው። በጨርቅ የጠቀለልኩትን ጣቴን አይተው ምክንያቱን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። እጀታውን ከወይራ ወይም ከቀንድ ለመሥራት እያሰብኩ እንደሆነ ስናገር በሁለተኛው ቃል ላይ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ቀንድ?» አሉ። «ርግቢቱ ለኖኅ ምን ይዛ መጣች?»

«የወይራ ቅጠል።»

«ቀንድ ይዛ መጣች?»

«ኧረ አልመጣችም።»

ጓዳ ገብተው አንድ ያረጀ የወይራ ጉማጅ ይዘው ወጡ። የድሮው ቤታቸው ምሰሶ ነበር፤ ቤቱ ፈርሶ በቆርቆሮ ሲሠራ ያስቀሩት ነው። «ብርቄ ፊደል የቆጠረችው ይህን ተደግፋ ነው» አሉኝ፤ ድምፃቸው ለቅኔ ሲነሡ ከሚያወጡት ዝቅ ያለ ነበር። ወዲያው ግን ወደ ራሳቸው ተመለሱ። «በሌላ ብትሠራው ቤቴ አትምጣ አልልህም። ደህና ዋልክ ግን አልልህም።»

ሰቆጣ ወሬ አታሳድርም። በቀጣዩ ገበያ አያ ሞላ ከዝቋላ ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው መጥተው፣ ከፍየል ተራው ዳር ጠብቀው ያዙኝ። ብብታቸው ሥር በጆንያ የተጠቀለለ ነገር አለ።

«እንጨት ልታደርግበት ነው አሉ» አሉኝ።

«እያሰብኩ ነው፣ አያ ሞላ።»

«ሳሙኤል ዳዊትን ሲቀባው ዘይቱን በምን ይዞ ሄደ?»

ጉድ ፈላ። እኚህም መጽሐፍ ጠቀሱ!

«በቀንድ» አልኩ።

«በፍልጥ አልነበረም?»

«አልነበረም።»

ጆንያውን ፈቱት። የቡሬ ቀንድ ነው። ቡሬ በድርቁ ዓመት የሞተባቸው በሬ ነው፤ ሥጋውን አልበሉም አሉ፣ ቀንዱን ብቻ ከደጃፋቸው ሰቅለው ኖረዋል። «ብርቄ ደብተር ግዛልኝ ብላ ከከተማ ስትልክብኝ የምሸጠው እህል ቡሬ ያረሰው ነው» አሉ። ቀንዱን ዘረጉልኝና ስቀበላቸው እጃቸው ቶሎ አልለቀቀውም። በአገራቸው ቋንቋ፣ በኽምጣና፣ አንድ ነገር አጉረመረሙ። ለእኔ ሳይሆን ለበሬው መሰለኝ።

ከዚያ ወዲያ ሰንጢው የእኔ መሆኑ ቀረ። ወይራ ካደረግኩ ድግሱ የመሪጌታ ሆነ፤ ቀንድ ካደረግኩ የአያ ሞላ። ሁለቱንም ትቼ ፕላስቲክ ካደረግኩ ከሁለቱም ወጣሁ። ሰው በእጀታ ምክንያት ሳያገባ ቢያረጅ ለልጆቹ ምን ብሎ ይነግራል? ልጅስ ከየት ያመጣል?

ለብርቄ ሄጄ አወራኋት። በሽተኛ ስትመረምር እንደምታደርገው እስክጨርስ ዝም ብላ ሰማችኝ።

«ሰንጢው ስንት ጎን አለው?» አለችኝ።

«ሁለት።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሃል?»

ይህን አስቦ ለማግኘት ነርስ መሆን አያስፈልግም፤ ግን እኔ አላሰብኩትም ነበር።

ሥራውን ጀመርኩ። ወይራ ጠንካራና ውብ ነው፤ ግን ኩሩ ነው፤ ብታጣድፉት ይሰነጠቃል። ቀስ ብዬ ሰነጠርኩት፣ በሞረድ ሞረድኩት፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፣ የኑግ ዘይት አጠጣሁት፤ ወርቃማ ሆኖ ወጣ። ቀንዱ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ለእጅ እንደሱ የሚሞቅ የለም፤ ግን ጠማማ ነው፤ እስኪለሰልስ በፈላ ውኃ ቀቅሎ በሁለት ብረት መካከል አጥብቆ ማቃናት ያስፈልጋል። ሽታውን አትጠይቁኝ። አከራዬ አፍንጫቸውን ይዘው ወጥተው «ምን ሞቶብህ ነው?» አሉኝ። «በሬ» አልኳቸው፤ ውሸትም አልነበረም። በመጨረሻ ሁለቱን ገጽ በናስ ሽቦ ከብረቱ ጋር ቸነከርኳቸው። አንዱ ጎን ወርቃማ፣ አንዱ ጎን ጥቁር ሆነ። ደስ አለኝ።

ደስታው ያሳሳተኝ መሰለኝ። ለመሪጌታ ሳሳይ ቀንዱን በመዳፌ ሸፍኜ ወይራውን ብቻ አሳየኋቸው፤ ተሳለሙት። ለአያ ሞላ ሳሳይ ወይራውን ሸፍኜ ቀንዱን ብቻ አሳየኋቸው፤ ትከሻዬን መቱኝ። ሁለቱም «ይህ ሰው ይሆነናል» አሉ አሉ። ምስጢሩ ከመዳፌ እስካልወጣ ድረስ እንደ እኔ ያለ አማች አልነበረም።

የሠርጉን ቀን ለመቁረጥ ከሽማግሌዎቹ በአንደኛው ቤት ተሰበሰብን። አያ ሞላ ከአንድ ጥግ፣ መሪጌታ ከሌላው ጥግ ተቀመጡ። ብርቄ ከሴቶቹ ጋር ጓዳ ናት። ባለቤቱ ነጭ ማር በቆርቆሮ አቀረቡ፤ ክዳኑ ግን ተጣብቆ እምቢ አለ።

«አንተ፣ በዚያች ሰንጢህ ክፈተው» አሉ መሪጌታ፤ ወደ ሰዉም ዞረው «እጀታዋ ከእኔ ቤት ወይራ ነው» አሉ።

«ከማን ቤት?» አሉ አያ ሞላ። «የቡሬ ቀንድ ናት እንጂ!»

«በዓይኔ ያየሁትን?»

«እኔስ በምኔ አየሁት?»

ቤቱ ሁሉ ወደ ኪሴ ዞረ። ጠፋች ለማለት አስቤ ነበር፤ ግን ኪሴን ወጥራ ትታያለች። አወጣኋት። አያ ሞላ ከእጄ ወስደው አገላበጧት። ጥቁር፤ ወርቃማ፤ ጥቁር። ለመሪጌታ ዘረጉላቸው። መሪጌታም አገላበጧት።

«ለእኔ ወይራውን ብቻ ነው ያሳየኝ» አሉ መሪጌታ።

«ለእኔም ቀንዱን ብቻ!»

ልብ በሉ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ሁለቱ ፊት ለፊት መነጋገራቸው ነው። የሚነጋገሩት ግን በእኔ ላይ ነው።

አያ ሞላ ተነሡ። «እንዲህ ላለ ሁለት ፊት ላለው ሰው ልጄን አልሰጥም!»

ቀልዱ አለቀ አልኩ በልቤ። ብርቄ ከጓዳው በር ላይ ቆማለች፤ ከእሷ ጋር ያሰብኩት ዓመት ሁሉ ከዓይኔ ሲሄድ አየሁት።

መሪጌታም ተነሡ። ጣታቸውን ቀሰሩ። «ልጃችንን» አሉ።

«ምን?»

«ልጃችንን አንሰጥም ይበሉ እንጂ፣ አያ ሞላ።»

አያ ሞላ እጃቸውን ወደ መሪጌታ ዘረጉ። ሰንጢዋን ተቀብለው እንደገና አዩዋት፤ በአውራ ጣታቸው ወይራውን ዳበሱት። «ይህቺ ያቺ ምሰሶ ናት? የብርቄን እናት ልቀብር በመጣሁ ጊዜ የተደገፍኳት?»

«እሷው ናት» አሉ መሪጌታ።

ከዚያ አያ ሞላ ቀስ ብለው «ልጃችንን» አሉና ቁጭ አሉ። ከመሪጌታ ጎን ነው የተቀመጡት።

ብርቄ ይህን ጊዜ ገባች። «እሱን ተዉት። ሁለት ጎን አለው ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። «ደብቅ ግን አላልኩትም» ልትል ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ማረችኝ።

«ይህን ብልጠት ከእናንተ ቤት ነው ያመጣችው» አሉ አያ ሞላ ወደ መሪጌታ።

«እኛ ቤት ፊደል እንጂ ብልጠት አላስተማርናትም፤ ይህ የዝቋላ ነው!»

ሽማግሌዎቹ መሳቅ ጀመሩ። ሠርጉ ሰቆጣ፣ መልሱ ዝቋላ እንዲሆን ማሩ ሳያልቅ ተወሰነ። ማሩን የከፈትነው ከባለቤቱ ጓዳ በመጣ ማንካ ነው።

ሰንጢዋ? አያ ሞላ ኪሳቸው ከተቷት። መሪጌታ ተቃወሙ። በመጨረሻ ተስማሙ፤ ከአንዱ ገበያ እስከ ቀጣዩ ገበያ አንዳቸው ጋ፣ ከዚያ ሌላው ጋ ልትሰነብት። እኔን የጠየቀኝ የለም። ይኸው ከተጋባን ወዲህ አማቶቼ በየገበያው እየተገናኙ ይረካከቧታል፤ ርክክቡ አንድ ብርሌ ጠጅ ይፈጃል፤ ቀንዱ የሚቀባውን ቅቤና ወይራው የሚቀባውን ዘይት ማን እንዳሳነሰ ይጨቃጨቃሉ፤ ስለ ዝናብ ያወራሉ፤ ስለ ብርቄ እናትም ያወራሉ።

በቀደም ጋዝጊብላ ውስጥ ፓምፕ ተበላሽቶ ተጠራሁ። የሚረካከቡበት ጠጅ ቤት ድረስ ሄጄ ሰንጢዬን እንዲያውሱኝ ለመንኳቸው። ተያዩ። ተንሾካሾኩ። መሪጌታ ከኪሳቸው አወጧት፤ አያ ሞላ ተቀብለው አገላብጠው አዩዋት፤ ከዚያ ለእኔ ሰጡኝ።

«እጀታዋን እንዳታበላሽብን» አሉኝ።