ከዚያች ጉብታ ጀርባ

ተራራ ባለበት አገር ሁሉ፣ የሰውን የእሑድ እንቅልፍ የሚቀማ አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛው የእህቴ ባል ናቸው። ጡረታ የወጡ የመሬት ቀያሽ ሲሆኑ፣ በአንዲት ክንድ መሬት ሲካሰስ የኖረን ጎረቤት ሁሉ በሜትር ያስታረቁ ሰው ናቸው። ተራራ ሲወጡ ግን የሚያውቁት ልኬት አንድ ብቻ ነው፦ «ትንሽ ነው የቀረው። ከዚያች ጉብታ ጀርባ ነው።»

ከጉብታዋ ጀርባ ያለው ሌላ ጉብታ ነው። ይህን ስጽፍ እንኳ ደሜ እየፈላ ነው።

በክረምት ፏፏቴ ላሳያችሁ ብለው እኔንና እህቴን ጭቃ ለጭቃ ጎተቱን። «ጋሼ፣ ኧረ እንመለስ!» ብላቸው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ስንደርስ ፏፏቴውን ጉም ውጦታል።

«ድምፁስ ቢሆን!» አሉ ክቡር ቀያሹ፣ ኮፍያቸውን እየጨመቁ።

አበባው ሲፈካ ደግሞ ቆመን እንዳናይ «ከላይ የበለጠ አለ» እያሉ አስሮጡን። ከላይ ድንጋይ ነበር። በበጋ ውሃ አለቀብንና ምንጭ አለ ተባልን። ምንጩ እውነትም ከጉብታዋ ጀርባ ነበር፤ ደርቆ።

«እኔ ያገባሁት ቀያሽ ነው ወይስ ፖለቲከኛ?» አለች እህቴ። ከዚያ ወዲህ ተራራ የሚባል ነገር እርም ብላለች።

እርር ድብን ያልኩት ግን ብስኩት ፍለጋ ቦርሳቸውን ስከፍት ነው። ካርታ አገኘሁ። እያንዳንዷ ጉብታ በራሳቸው የእጅ ጽሑፍ፣ በእርሳስ፣ እስከ ሜትሯ ተለክታለች። ለካ አውቀው ነው የሚዋሹን! «ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ብላቸው ካርታውን ቀስ ብለው አጠፉና «ልኩን የነገሩት ሰው ከቤቱ አይወጣም» አሉኝ።

ከእንግዲህ በቃኝ ብዬ ማልኩ። ወሩ የብርድ ነበር፤ በተከታዩ እሑድ በሬ ተንኳኳ። ወጣሁ። ለምን እንደወጣሁ አትጠይቁኝ።

ስንመለስ ድንጋይ ከዳቸውና እግራቸው ወለም አለ። ስልክ አይሠራም። ነፋሱ አጥንት ይሰብራል፤ ፀሐይዋም እያዘቀዘቀች ነው። ክቡር ቀያሹ ቋጥኝ ተደግፈው ተቀመጡ፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ብዙ ይቀራል» አሉ። «እኔ አልችልም። አንቺ ሂጂና ሰው ጥሪ።»

እኚህ ሰው እውነት ሲናገሩ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እንደዚያም ፈርቼ አላውቅም። ሰው ጠርቼ እስክመለስ ብርዱ እንደማይምራቸው እሳቸውም እኔም እናውቃለን። የዓመቱ ንዴቴ በአንድ ጊዜ ገነፈለ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱታውን ረሳሁት።

«ተነስ!» ብዬ ጮህኩ። «ትንሽ ነው የቀረው! ከዚያች ጉብታ ጀርባ ነው!»

ቀና ብለው አዩኝ። ጉብታዋን አዩ። ከዚያ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው ተነሱ። በየጉብታው እየዋሸኋቸው፣ እያለቀስኩም እየተሳደብኩም፣ ነፍስ ውጪ ነፍስ ግቢ ብለን ጠዋት ከተራራው ግርጌ ካቆምነው መኪና ደረስን። በሩን ይዘው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«አምስት ኪሎሜትር ከስድስት መቶ ሜትር ነበር» አሉ። «አንቺ ውሸታም!»

አሁን እግራቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ቤት ተቀምጠዋል። እሑድ ጠዋት በሬን የሚያንኳኳ የለም፤ እስከ ረፋድ እንደ ልቤ መተኛት እችላለሁ። እኔ ግን በማለዳ ተነስቼ፣ የጫማዬን ክር አስሬ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጬ እናደዳለሁ።